ቦሌ ሚካኤል ሦስት ሳምንት የተቀመጠው ላፕቶፕ

ላፕቶፕ ላይ ግራፊክስ ካርድ አይቀየርም። ለጌም ተብለው በተሠሩ ጥቂት ወፋፍራም ላፕቶፖች ላይ ይቻላል ይባላል፤ የቀሩት ላይ ግን ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው ከፋብሪካ የሚወጣው፣ ነቅሎ ሌላ መትከል የለም። ይቺን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኛ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳንናገራት ቀረን፤ እኔም ሥራ አጣሁባት። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሥራው ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ የአርክቴክቶች ቢሮ ውስጥ ነበር። ቃለ መጠይቁን አልፌ የቀረኝ አንድ ፈተና ብቻ ነው፦ የአንድ ሆቴል ንድፍ ሰጥተውኝ፣ ሰው በበሩ ገብቶ አዳራሹን አልፎ ደረጃውን ሲወጣ የሚያየውን የሚያሳይ አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል በሦስት ሳምንት ሠርቼ ላስረክብ። ከተመረቅኩ ጀምሮ ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ሥራ ነው። ንድፉን ላፕቶፔ ላይ ስከፍተው ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ ደረቀ። አጥፍቼ አበራሁት፤ እንደገና ደረቀ። የላፕቶፑ ግራፊክስ ካርድ አቅም እንደማይበቃ ፕሮግራሙ ራሱ ጽፎ አስጠነቀቀኝ።

ይቀየር እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። የላፕቶፑን ሞዴል ጽፌ ያገኘሁት መልስ ሁሉ አንድ ነው፦ አይቀየርም። በውጪ በኩል የሚሰካ ዓይነትም አለ፤ የእኔ መሰኪያው የለውም። እንግዲህ አውቄያለሁ ማለት ነው። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ በሌሎቹ የምናደደውን ያህል በራሴም እናደዳለሁ።

ላፕቶፑን የገዛልኝ አባቴ ነው። ለምረቃዬ ቦሌ ካለ ሱቅ ራሱ መርጦ አመጣልኝ፤ ቀጭን፣ ብርማ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሻጩ ‹ለኢንጂነር የሚሆን ነው› ብሎታል፤ አባቴም ቤታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይደግማል። ‹የገዛህልኝ ለሥራዬ አይሆንም› የሚለው ቃል እሱ ፊት ከአፌ አልወጣ አለ። ግራፊክሱ ደከመ ብቻ አልኩት።

አባቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ለእሱ የማይቀየር ነገር የለም።

«ታዲያ ይቀየራላ» አለኝ። «እኔ በረሃ ላይ ሞተር አውርጄ ሌላ ሞተር ሰቅያለሁ። ካምቢዮ ቀይሬያለሁ። ይሄ ከሞተር ይከብዳል?»

«አይከብድም፣ አባዬ» አልኩት።

ቦሌ ሚካኤል ወደሚያውቀው የኮምፒውተር ቴክኒሻን ይዞኝ ሄደ። ሁለት ሰው ሲገባባት የምትሞላ ክፍል ነች። ቴክኒሻኑ አባቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሣ። ላፕቶፑን ከሥሩ ፈትቶ በስልኩ መብራት አየው፣ ቀና ብሎ የአባቴን ሽበት አየ፣ እንደገና ላፕቶፑን አየ።

«ይቀየራል?» አለው አባቴ።

«ችግር የለም ፋዘር፣ እናየዋለን። ይቀመጡ።»

አባቴ ግን አልተቀመጠም። የቴክኒሻኑን ክንድ ይዞ ወደ በሩ ወጣ አለና ትንሽ ተነጋገሩ። እኔ ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ ቀረሁ። ተመልሶ ሲመጣ «ይሠራዋል፣ አታስቢ» አለኝ። የሚያውቅ ሰው አይቶት ይሠራል ካለማ ኢንተርኔቱ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ላፕቶፑን እዚያው ትተን ሄድን። ከዚያ ለቴክኒሻኑ ስልክ መደወል ሆነ ሥራዬ። ‹ዕቃው እየመጣ ነው› ይለኛል። በሌላው ቀን መብራት ጠፍቶበታል። ከዚያ ሰኞ ነይ፤ ሰኞ ሲደርስ ሐሙስ። ሰው እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ እዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን እንደማያውቅ ሰው ‹እሺ፣ አመሰግናለሁ› እያልኩ እዘጋለሁ። ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?

በሁለተኛው ሳምንት ፈተናውን የሰጠችኝ አርክቴክት ደወለችልኝ።

«ሥራው እንዴት ሆነልሽ? ማሽን ካስቸገረሽ እዚሁ መጥተሽ ሥሪ፣ ባዶ ዴስክ አለን።»

«አይ፣ ችግር የለም» አልኳት። «የእኔ እየተሠራልኝ ነው።»

ገና ሳልቀጠር ላስቸግራቸው? መሥሪያ እንኳ የላትም ይበሉኝ? ይሉኝታን ጨዋነት ነው ብለው ነው ያሳደጉን። እኔ አሁን የምጠራው ፍርሃት ብዬ ነው።

የማስረከቢያው ቀን አለፈ። ጥቂት ቀን እንዲጨምሩልኝ ልለምን ስደውል ቦታው በሌላ ሰው መያዙን በትሕትና ነገሩኝ። በዚያው ንዴት ብቻዬን ቦሌ ሚካኤል ሄድኩ። ላፕቶፔ መደርደሪያው ላይ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ፌስታሉ አቧራ ለብሷል።

«ዕቃው የታለ?» አልኩት። ድምፄ ጎረቤት ሱቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ቴክኒሻኑ ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። «እህቴ፣ አይቀየርም። የተበየደ ነው።»

«መቼ ነው ያወቅከው?»

«የመጣችሁ ዕለት። ለፋዘርም በሩ ላይ ነግሬያቸዋለሁ። ‹እሷ እንዳትሰማ፣ ሌላ ላፕቶፕ እስካፈላልግላት አንተ ጋ ይቆይ› አሉኝ። ትልቅ ሰው እየለመኑኝ እንዴት እምቢ ልበል?»

ላፕቶፑን አንሥቼ ወጣሁ። ጉርድ ሾላ እስካለው ቤታችን ድረስ ታክሲ ውስጥ ለአባቴ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን ሁሉ።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ፌስታሉን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ታውቅ ነበር» አልኩት።

ፌስታሉን በእጁ ዳበሰው። «ላፕቶፕ የሚያውሰን ሰው እየጠየቅኩልሽ ነበር። ዛሬ አገኛለሁ ነገ አገኛለሁ ስል ነው የቆየሁት። አይሆንም ስትባዪ ፊትሽን ማየት አልቻልኩም።»

«እኔም አውቅ ነበር። ገና ወደዚያ ሳንሄድ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ የገዛኸው ስለሆነ።»

ንዴቴ አልበረደም፤ የማወርድበት ሰው ነው ያጣሁት። አባቴ ግን በልቡ መንገድ ላይ የቆመ መኪና እያየ ነበር መሰለኝ።

«እኛ መኪና ሲሰበር ጭነቱን ሌላ መኪና ላይ እናዞራለን» አለ። «እነሱ ቢሮ ኮምፒውተር የለም? እዚያው ሄደሽ ብትሠሪው አይሆንም ነበር?»

«ነይ ብለውኝ ነበር።»

«እና ምን አልሻቸው?»

«ችግር የለም አልኳቸው።»