በቢላ የቀደምኳት ወፍ

በወረርሽኙ ጊዜ ጆሃንስበርግ አጠገብ ቮስሎሩስ ያለው ሱቃችን ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የሚሠራው። ከእኛ ውሃ የምትገዛ አንዲት የወፍ ተመራማሪ ነበረች። ረዳቶቿ በሽታውን ፈርተው ስለቀሩባት አንድ ቀን አብሬያት እንድውል ጠየቀችኝ። የሱቁ ሸሪኬ፣ የአጎቴ ልጅ፣ ሳቀብኝ።

«ሰው ከብት ያግዳል፤ አንተ ወፍ ልታግድ ነው?»

«ካንተ ጋር ስጨቃጨቅ ከምውል ይሻላል» ብዬው ሄድኩ።

ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ረግረግ ዳር ወፍ የሚይዝ መረብ ዘረጋን። ሴትዮዋ ዕድሜዋን የፈጀችው ሰሜን ዋልታ አጠገብ፣ ቱንድራ በሚሉት ዛፍ የማይበቅልበት ምድር ላይ ነው። ወፎቹ እዚያ ይፈለፈሉና ብርዱን ሸሽተው እኛ ጋ ይመጣሉ። ድንበር ስለተዘጋ እሷ መሄድ አልቻለችም።

«ማይ ፍሬንድ» አለችኝ፣ ደንበኞቼ ሁሉ እንደሚጠሩኝ፤ «እዚያ እግራቸው ላይ የአገሩ ስም ያለበት ቀለበት ካሰርኩላቸው አንዷ እንኳ ዛሬ ብትገባልኝ፣ የሄድኩ ያህል ነው።»

ወፍ ከመረብ ማውጣት አሳይታኝ ወደ ማዶው ጫፍ ሄደች። በእኔ በኩል ድንቢጥ የምታክል ወፍ ገባች። ፈትቼ ሳወጣት እግሯ አልቆም አለ፤ ክንፏ ተንጠለጠለ፣ ዓይኗን ከደነች። እኛ አገር፣ ስልጤ፣ ዶሮም ይሁን በሬ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ቢላ ይዞ መሮጥ ነው፤ ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፣ ለውሻ ይጣላል። እዚህ ላይ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። ካርቶን የምቀድበትን ቢላ አወጣሁ፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ አረድኳት።

ቀለበቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ የተማርኩት ጎልምሼ፣ እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ደሙን በአውራ ጣቴ እየጠረግኩ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀምኩ። የሰሜኑ አገር ስም ነበር።

ስትመጣ «ልትሞት ነበር» አልኳት።

ቀለበቱን አገላብጣ አየችው። «የኔ ናት» አለች። የወፏን እግር በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እግሯ ደንዝዞ ነው። አንዳንዴ እንዲህ ይሆናሉ። ጥላ ውስጥ ብትቆይ ትነሳ ነበር።»

«ቢስሚላህ ብያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

ቢስሚላህ ማለቴ ለሴትዮዋ ምን ይሠራላታል? የወፏ ሥጋ ጉርሻ አይሞላም። ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጣ መጥታ፣ የታረደችው ማንም ላይበላት ነው።

ብትሰድበኝ መልስ አላጣም ነበር። አልሰደበችኝም። ወፏን በላስቲክ ጠቅልላ በረዶ በያዘው ኩለር ቦክሷ ውስጥ፣ ከምሳችን አጠገብ አስቀመጠቻት። ልሂድ ስላት፣ መረቡ ገና አልተነሳም አለችኝ። ሌላ ወፍ ስትገባ ራሷ ፈታቻት። እኔን የጠየቀችኝ ወፎቹን የምናቆይበትን የጨርቅ ከረጢት አፉን እንድከፍትላት ብቻ ነው። ከፈትኩላት፣ እጄ ወፏን እንዳይነካ እየተጠነቀቅኩ።