ከነጭቃው የተሰፋው እግሬ

ወንድሞችና እህቶች፣ እግሬን ከነጭቃው ሰፉብኝ። ልመሰክር የቆምኩት ስለዚህ ነው። የማነበው ከወረቀት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ እዚሁ ጓሮ ባለችው ክፍል ስለሆነ ስንተባተብ ታገሱኝ። ጌታ ይባረክ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሚስቴን አስካለን ነው። እኔ ያኔ ቃሊቲ፣ አንድ የብረት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። እሷ ለጸሎት ስትወጣ እኔ ለአረቄ እወጣለሁ። "ሄደሽ ለጌታሽ ሰላም በዪልኝ" እላት ነበር። እንዲህ ነበርኩ፤ አላሳምረውም።

አንድ ቅዳሜ ዝናብ ጥሎ ግቢው ጭቃ ሆኖ ሳለ፣ የፌሮ እስር ከተሳቢው ላይ ተንሸራቶ ቅልጥሜ ላይ ወደቀ። አጥንቱ ቆዳዬን በስቶ ወጣ፤ ጭቃም ገባበት። አለቃችን፣ ካቦው፣ ሮጦ መጣ። መጀመሪያ ያየው ግን እግሬን ሳይሆን የግቢውን በር ነው። "ሆስፒታል ከሄድክ ጥያቄ ይበዛል፤ እዚህ ጋ አንድ ክሊኒክ አለ" አለና ባጃጅ ላይ ጫነኝ። ክሊኒኩ ውስጥ የነበረው ሰውዬ አንድ ጠርሙስ ውኃ አፈሰሰበት፣ አጥንቱን ወደ ውስጥ ገፋው፣ ግጥም አድርጎ ሰፋው። "ጋሽ ታደሰ፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ነው የሰፋሁልህ!" አለኝ። ካቦው ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ፤ ተዘጋ ማለት ዳነ ማለት ይመስለኝ ነበር።

እናንተም መስሏችኋል። አስካለ በማግስቱ እሑድ እዚህ ቆማ "የባሌ ቁስል በአንድ ቀን ተዘጋ!" ብላ መሰከረች፤ እናንተም እልል አላችሁ። አልፈርድባችሁም። ግን እናንተ እልል ስትሉ እኔ ከስፌቱ ሥር እየበሰበስኩ ነበር።

በአራተኛው ቀን አተኮሰኝ። እግሬ አብጦ ክሩ ሥጋዬን ቆረጠው።

"ታዴ፣ እግርህ ሸቷል፤ እንሂድ" አለችኝ አስካለ።

"መስክረሽ የለ? አሁን ምን ልትያቸው ነው?"

"ተሳስቻለሁ እላቸዋለሁ። ተነሥ!"

ይዛኝ የመንግሥት ሆስፒታል ሄደች። ልጄን የምታክል ሐኪም ክሩን በጠሰችው። የወጣውን አልነግራችሁም፤ ገና ምሳ አልበላችሁም።

"ማን ነው ይህን የሰፋው፣ ጋሼ?"

ነገርኳት።

"አጥንት የወጣበት፣ ጭቃ የገባበት ቁስል እንዲህ ወዲያው አይሰፋም። ይታጠባል፣ የሞተው ሥጋ ይወጣል፣ ክፍቱን ይቆያል። ንጹሕ መሆኑ ሲታይ ነው የሚዘጋው።"

"ሳይዘጋ እንዴት ይድናል?"

"ስለተዘጋ እኮ ነው የታመሙት።"

ማደንዘዣ እየሰጡ ሁለት ጊዜ አጠቡኝ። አጥንቱን ከውጭ በብረት አሰሩት። ቁስሉ ክፍቱን፣ በፋሻ ብቻ ተሸፍኖ ይውላል፤ መድኃኒቱ በደም ሥሬ ይገባል። በሦስተኛው እጥበት የሐኪሟ ፊት ጠቆረ። "ነገም ሥጋው እንዲህ ከሆነ ከጉልበት በታች እንቆርጣለን። ይፈርሙ" አለችኝ። መፈረም የት አውቄ! አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑት። ስለ ገዛ እግሬ የተጻፈውን ማንበብ አልቻልኩም።

ያን ጊዜ አስካለን "ጸልዪልኝ" አልኳት።

"እኔ አንዴ ቸኩያለሁ። አሁን አንተው ራስህ ንገረው" አለችኝ።

ጸሎት አላውቅም። "ጌታ ሆይ፣ ደክሞኛል። ካቦውን እጠላዋለሁ፣ ያንን ሰፊም እጠላዋለሁ፣ ራሴንም አልወደውም። ይኸው። እንደፈለግህ አድርገኝ" አልኩ። ብርሃን አላየሁም። ድምፅ አልሰማሁም። አለቀስኩ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ፈትታ ሥጋውን በመቀስ ጫፍ ነካ አደረገችው። ደማ። ቀይ ደም! "ጎሽ! ሕያው ነው፤ አንቆርጥም" አለች። ሃሌ ሉያ! ሰው የገዛ ደሙን አይቶ ሲያመሰግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አመሰገንኩ። ስሙ ይባረክ! የዚያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። አስካለ እንባዋ እየወረደ "እልል አልልም፣ ይቆይ" አለች።

ከሌላ እጥበት በኋላ ከጭኔ ቆዳ ልጠው አለበሱት። አጥንቱ ግን ወራት ፈጀ፤ መግሉም ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ። "ዳንክ ወይ?" ስትሉኝ "አላውቅም!" እያልኩ ተቆጥቻችኋለሁ። ይቅር በሉኝ። አሁን ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ዘበኛ ነኝ። አነክሳለሁ። ሲበርድ ያመኛል። ካቦውን ይቅር ብያለሁ ልላችሁ ነበር፤ አልዋሽም፣ እየሞከርኩ ነው። ለዚህም ቢሆን ጌታ ይመስገን፤ ድሮ አልሞክርም ነበር።

ገና ያላመናችሁ፣ ተስተካክላችሁ ለመምጣት አትጠብቁ። እንደደከማችሁ ኑ። እሱ አይጸየፍም፤ እኔን አልተጸየፈም። ያመናችሁ ደግሞ ጸልዩ፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ፣ ሰው ሳይድን አታስመስክሩት። እኔ ድኜ እስክጨርስ ጠብቄያለሁ። ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮቱ ይዛ አይታ፣ "አጥንቱ ገጥሟል፤ መግልም የለም። ከእንግዲህ አይምጡ" ያለችኝ ባለፈው ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን ነው።