ስሙ የማይጠራው

የልጅ ልጄ ማስተዋል ለዕረፍት ከባሕር ዳር በመጣች ቁጥር ፍኖተ ሰላም ያለው ጭር ያለ ቤቴ ነፍስ ይዘራል። ስልኳን ይዛ በረንዳው ላይ ትቀመጥና ያነበበችውን ሁሉ ካላካፈለችኝ እህል አይወርድላትም። ሰሞኑን የያዛት የእንስሳት ስም ነው። ጀርመኖች ኤሊን «ጋሻ ለባሽ ጓጉንቸር» ይሏታል አለችኝ። ቻይናዎች ጉጉትን «ድመት ራስ ጭልፊት» ሲሉ፣ ግሪኮች ደግሞ ጉማሬን «የወንዝ ፈረስ» ብለውታል።

«አባባ፣ ጉማሬ በምኑ ነው ፈረስ የሚመስለው?»

«ስሙን ያወጣው ሰው ፈረስ አይቶ የማያውቅ ይሆናል» አልኋት።

እኛም ብንሆን ከማንም አንሻልም። ያን ሁሉ አንገት የተሸከመውን እንስሳ አይተን ቀጭንነቱ ብቻ ታወሰንና ቀጭኔ አልነው። ማንም ጭኖት የማያውቀውን የሜዳ አህያ ብለናል። የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም። የነካችውን ሁሉ የምታሳክከውን ትል ደግሞ እንደ መነኩሴ «አባ» ብለን አባ ጨጓሬ አሰኘናት። እየተሳሳቅን ማንጎ እልጥ ነበር።

ቀጥላ ስለ ድብ አነበበችልኝ። ሩሲያዎች ድብን የሚጠሩበት ስም ትርጉሙ «ማር በሊታ» ነው አለች። የጥንት ሰዎች ድቡን ይፈሩት ስለነበር እውነተኛ ስሙን ከጠሩት ሰምቶ የሚመጣ ይመስላቸው ኖሯል። ስለዚህ በዘወርዋራ እየጠሩት ኖሩ፤ ሲውል ሲያድር የመጀመሪያው ስም ጨርሶ ጠፋ። ማስተዋል ይህን ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ግን ቢላዋውን አስቀመጥሁ።

ያደግሁት ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። በእኛ ቤትም የማይጠራ ስም ነበር። እባብ እባብ አይባልም፤ «ረጅሙ» ነው የሚባል። የነደፈው ሰው ካለማ ጭራሽ ወሬውም አይነሳም። የተነደፈ ሰው የነዳፊውን ስም ከሰማ፣ መርዙ ጌታው የጠራው መስሎት ወደ ልብ ይወጣል ይባል ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ሲነደፍ በዙሪያው ያለ ሁሉ፣ ማንም ማንንም ሳያማክር፣ «እሾህ ነው፣ እሾህ ወጋህ» ይለዋል። በሽተኛው ያምናል ወይስ አያምንም ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጥሩወርቅ የምትባል እህት ነበረችኝ። ጥሩዬ እንላት ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስላረፈ እናታችን የነበርናት ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ ታላቅ፣ እሷ ታናሽ። እኔ ቡሬ ተከራይቼ እማር ነበር፤ በመኸር ጊዜ ግን ደብተር ተጥሎ ማጭድ ይያዛል። ያን ዓመት ኅዳር ላይ ዳጉሳችንን በደቦ አሳጨድን። ጧት ጧት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ረፋድ ላይ ፀሐዩ ጀርባ ይልጣል። ጥሩዬ እንደ ሰርግ ቤት እየዘፈነች ነዶ ትሰበስባለች፤ ስትዘፍን ድምጿ አያምርም ነበር፤ ይህን ስነግራት ደግሞ ጨምራ ትጮኻለች።

ነዶውን በሁለት እጇ አቅፋ ስታነሳ ዘፈኗ ተቋረጠ። «እህ» አለችና ነዶውን ለቀቀችው። አጠገቧ ስለነበርሁ አየሁት፤ ወፍራም፣ አመድማ፣ አጭር ጅራት ያለው ነገር ዝግ ብሎ ወደ ገለባው ስር ሲገባ። እፉኝት ነው። ከደቦው ሰዎችም ያዩት ነበሩ።

«እሾህ ነው» አለ አንዱ።

«የግራር እሾህ ነው፣ አይዞሽ ልጀ» አለች እናቴ፤ ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር።

ጥሩዬ እኔን አየችኝ። «እሾህ ነው?» አለችኝ።

«እሾህ ነው» አልኋት።

የባሕር ዛፍ እንጨት በጋቢ አስረን ቃሬዛ ሠራንና ወደ ቡሬ ተነሣን። ከፊት የያዘው አያ ፈንታ ነበር፤ የጥሩዬ የክርስትና እናት ባል፣ ከአዊ ወገን የሆነ ጎረቤታችን። ሲጨንቀው በአገሩ ቋንቋ ብቻውን ያወራል፤ ያን ቀን አፉ አላረፈም። ምን እያለ እንደሆነ በሹክሹክታ ጠየቅሁት።

«እየለመንሁት ነው» አለኝ። «በእኛም ቤት ስሙ አይጠራም። እናቴ የአፈር ልጅ ነበር የምትለው። ያዋረዱት እንዳይመስለው ልጅ እንለዋለን።»

በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ መንገዱ ዳርና ዳር ቀልቶ ነበር። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ተሸካሚዎቹ ያስነጥሳሉ። ጥሩዬ እንኳ መጀመሪያ ላይ በዚህ ስቃ ነበር። ኋላ ማስታወክ ያዛት። እጇ እያበጠ እስከ ክንዷ ወጣ፤ ከአንጓዋ ላይ የነበረው ጨሌ ክሩ ተበጥሶ ዶቃው መንገድ ላይ ተበተነ። እናቴ ጎንበስ ብላ ዶቃ መልቀም ጀመረች። ተነሽ ብንላትም እምቢ አለች። ልጇ እንደዚያ ሆና ዶቃ የምትለቅም ሴት ሳይ እኔም ተስፋዬ ተቆረጠ።

ቡሬ ክሊኒክ የነበረው ድሬሰር ከሌላ አገር የመጣ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነበር። እጇን አየና ምን ነካት አለ።

«እሾህ ነው ጌታየ» አለች እናቴ።

«የምን እሾህ ነው እንዲህ የሚያደርግ? እውነቱን ንገሩኝ።»

አያ ፈንታ መሬት መሬት አየ። ድሬሰሩ መርፌውን እየቀቀለ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተማሪ ትመስላለህ። ምን ነከሳት?»

እናቴ ከድሬሰሩ ጀርባ ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እንደዚያ ቀን ስትለምነኝ አይቻት አላውቅም። ጥሩዬ አግዳሚው ወንበር ላይ ተኝታ ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ይህ ሰው የነከሳትን ካላወቀ ምን ሊያደርግላት ይችላል ብዬ አሰብሁ። ትምህርት ቤት የተማርሁት ሁሉ የሚለኝ ይህንኑ ነው። እናቴ ያስተማረችኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ ያንንም አምን ነበር። ሁለቱን አብሮ ማመን እንደሚቻል ያልደረሰበት ሰው አይገባውም።

«እፉኝት ነው» አልሁ።

እናቴ ተወርውራ የጥሩዬን ጆሮ በሁለት እጇ ሸፈነች። ግን አልቀደመችም።

ጥሩዬ ዓይኗን ገለጠች። «አውቄ ነበርኮ እማ» አለች። «ሲገባ አይቸዋለሁ። አንች እንዳትደነግጭ ብየ ነው እንጅ።»

ሁላችንም ከእሷ የደበቅነውን እሷ ከእኛ ደብቃ ኖሯል። ድሬሰሩ መርፌውን መልሶ አስቀመጠ። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት እዚህ የለም፣ ፍኖተ ሰላም አድርሷት፣ ፈጥናችሁ አድርሷት አለ። ፊቱ ያን ጊዜ ተፈታ፤ ምነው ባልተፈታ አሰኘኝ።

በርበሬ የጫነ መኪና ተለምኖ ከጆንያው ላይ አስተኛናት። እናቴ ጭንቅላቷን ታቅፋ መንገዱን ሙሉ ስሟን ትጠራለች፤ «ጥሩዬ፣ ጥሩወርቅ፣ የኔ ጥሩ» ትላለች። ጥሩዬም «አቤት» ትላለች። ጉድጓድ ሲያንገጫግጨን እኔ እግሯን እይዛለሁ። አቤት ማለቷ እየራቀ፣ እያነሰ ሄደ። ማንኩሳን አልፈን ሜዳው ላይ እንደወጣን እናቴ ጠራቻት፤ መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ሾፌሩ ዝምታውን ሰምቶ ነው መሰል መኪናውን ጥግ አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። ፍኖተ ሰላም አልደረስንም።

ስሙን በመናገሬ ሞተች ብዬ አላምንም። ባልናገርም አትድንም ነበር፤ መርዙ ከእኔ አፍ በፊት ክንዷን አልፏል። ዛሬም ያ ሰው ቢጠይቀኝ እናገራለሁ። ግን ይህን ለእናቴ ማን ያስረዳት? እሷ ገደልኻት አላለችኝም፤ አላለቀሰችብኝም፤ ፊቷንም አላዞረችብኝ። ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን ሴቶች «ያ ልጅ እህል ቀምሷል?» ብላ ስትጠይቅ ሰማሁ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ በስሜ፣ ይበልጣል ብላ፣ አልጠራችኝም።

በመጀመሪያ ሐዘኑ ነው ብዬ ተውሁት። ወራት ሄዱ፤ ዓመትም ሆነ። ጎረቤት ስትልክብኝ «ያ የጥሩዬ ወንድም ይምጣ» ትላለች። ስመረቅ «ያ ተማሪው»፣ አስተማሪ ሆኜ ያን ቀን ባልደረስንባት በፍኖተ ሰላም ስቀጠር «ያ የከተማው»፣ ስወልድም «የልጆቹ አባት» አለችኝ። በሬዎቿን በየስማቸው ትጠራለች። ውሻዋን ትጠራለች። እንደ ረጅሙ በዘወርዋራ የምጠራው እኔ ብቻ ነበርሁ። በዓል መጥቶ ልጠይቃት ስሄድ በሩ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምናልባት ዛሬ ትለው እንደሆነ ብዬ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ልጆች ድሬ፣ ስሜን ከእናቴ አፍ ለመስማት እንደ ለማኝ በር ላይ ቆሜያለሁ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ያረፈችው ዕድሜ ጠግባ ነው። በመጨረሻዋ ሳምንት የሞቱትን ሁሉ በስም እየጠራች ስታናግር፣ እኔ እጇን ይዤ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ጥሩዬን ብዙ ጊዜ ጠራቻት። እኔን «የጥሩዬ ወንድም፣ ብርድ እንዳይመታህ» አለችኝና ተኛች።

ይህን ሁሉ ለማስተዋል ነገርኋት። ማንጎው ሳህኑ ላይ ጠቁሯል። እሷ ስልኳን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ሰዎቹኮ የድቡን ስም የተዉት ጠልተውት አይደለም» አለች። «ሲጠሩት ሰምቶ እንዳይመጣ ነው።»

«አውቃለሁ፤ አንቺው ነሽ ያነበብሽልኝ።»

«እናትዎ እርስዎን በስም እንዳይጠሩ ያደረጋቸውስ? የሚሰማ ሌላ ነገር ፈርተው ቢሆንስ?»

ያ የበርበሬ መኪና ነበር የታየኝ። እናቴ መንገዱን ሙሉ፣ ከቡሬ እስከ ማንኩሳ፣ ጮክ ብላ የጠራችው አንድ ስም ነበር፤ የዚያ ስም ባለቤት ደግሞ ተወሰደችባት። ከዚያ በኋላ የቀራት አንድ ልጅ ነው። እኔ ይህን ሁሉ ዘመን እንደ እፉኝት ፈርታኝ ነው ብዬ ኖሬያለሁ። ምናልባት ሞት ስሜን ከእሷ አፍ እንዳይሰማ ደብቃኝ ኖራ ይሆናል። ምናልባትም አይደለም። ሁለቱም ከውጭ ሲያዩት አንድ ናቸው፤ ስም አይጠራም፣ በቃ።

በር ላይ ቆሜ ከምጠብቅ ገብቼ ልጠይቃት እችል ነበር። አልጠየቅኋትም። መልሱን የምታውቀው እሷ ደግሞ አሁን የለችም።