በነጠብጣቡ ላይ ያልተጻፈ ስም

ባለፉት ሃያ ዓመታት በሶዶ ከተማ ካርድ አሳትሞ ያገባ ሰው፣ ሁሉም ባይሆን አብዛኛው፣ በሐመልማል እጅ አልፏል። ማን ከማን ጋር እንደሚጋባ፣ በየትኛው አዳራሽ፣ በስንት ሰዓት፣ የሙሽራው አባት ስም ከነማዕረጉ፣ ከተማው ሳይሰማ እሷ ታውቃለች። አፏ ግን ቁልፍ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ለወሬኛ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ጋብቻ ከሽማግሌ ሳያልፍ በፈረሰ ነበር።

የሠርግ ካርድ የምትሠራው ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ዲዛይን የሚባለውን ነገር ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከእሳቸው የእጅ ጽሕፈቷን ወረሰች፣ የቀረውን ዓይኗ አስተማራት። ወረቀት ስትመርጥ ዓይኗን ጨፍና በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። ካርድ መተንፈሻ ይፈልጋል ብላ ታምናለችና ከደንበኞቿ ጋር የምትጣላው ሁልጊዜ በባዶ ቦታ ነው። የአረካው መምህር ሶርሳ፣ በአንዲት ካርድ ላይ ሁለት እርግብ፣ ቀለበት፣ ሻማ፣ ጽጌረዳና የራሱን የምረቃ ፎቶ ካላስገባሽ ብሎ ግማሽ ቀን ተከራክሯታል። ታዲያ ሙሽራዋ የት ትቁም ብትለው ሳቀና በአንድ እርግብ ተስማሙ።

አሁን አሁን ግን የሚከራከራትም እየጠፋ ነው። ሥዕሉን ብቻ ላኪልን፣ በቴሌግራም እንበትነዋለን ይሏታል። ትልካለች፤ ግን ያማታል። በስልክ የመጣ ጥሪ ከአንድ የኳስ ቀልድና ከአንድ የሐዘን ማስታወቂያ መሃል ሾልኮ ያልፋል። የታተመው ካርድ ግን ቤት ይገባል፣ መስተዋት ጠርዝ ላይ ይሰካል፣ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እንኳ እዚያው ይገኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያቺ «ለ» ከምትል ፊደል ቀጥላ የምትመጣው ነጠብጣብ መስመር አለችው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ አንተን አስቦ ስምህን የሚጽፍባት ቦታ ናት። ሐመልማል በካርድ ላይ ካለው ነገር ሁሉ አብልጣ የምትወዳት እሷን ነው።

ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ አንድ ናሙና በካርቶን ታስቀምጣለች። ሦስት ካርቶን ሞልቷል። በአንዱም ካርድ ላይ፣ በነጠብጣቡ ቦታ፣ «ሐመልማል» የሚል ስም የለም። ደንበኞቿ ሥራቸውን ተቀብለው ሲወጡ «አንቺማ ቀኑን ታውቂዋለሽ» ይሏታል። እሷም ፈገግ ትላለች፣ ቀኑ ሲደርስም አትሄድም። እናቷ ያሳደጓት እንደዚያ ነው። «እኛ እዚህ አገር እንግዳ ነን፤ እንግዳ ሳይጠራ አይገባም» ይሉ ነበር፣ ሶዶ ተወልደው ሶዶ የተቀበሩት ሴት። ከሰሜን ለሹመት የመጡት አያቷ እንጂ እሳቸው አልነበሩም፤ ቃሉ ግን እንደ ንብረት ሲወራረስ እሷ ዘንድ ደረሰ። እናቷ ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ። ወንድሟ ሐዋሳ ነው፣ ለበዓል ይደውላል። ሌላ ሰው የላትም።

አለቻት እንኳ ብትባል አሳየሽ ናት። አሳየሽ ግድግዳ የምትጋራት የሱቅ ጎረቤቷ፣ የልጆች ልብስ ሻጭ፣ የመዘምራን አባል፣ አማርኛዋ ወንዱንና ሴቱን የሚያቀላቅል፣ ሳቋ ግን ምንም የማይቀላቅል ሴት ናት። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ታንኳኳለች፤ ሐመልማል ትሄዳለች፣ አብረው ይበላሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው። አንድም ቀን ሐመልማል ቀድማ አንኳኩታ አታውቅም።

የአሳየሽ ልጅ ትህትና ልታገባ ሆነ። አሳየሽ የቴሌግራም ሠርግ አላውቅም፣ ሽማግሌ በሁለት እጁ የሚቀበለው ካርድ ይሠራልኝ አለች። ሐመልማል ሁለት ሳምንት ለፋችበት። ወፍራም ክሬም ወረቀት መርጣ፣ የወላይታውን የባህል ልብስ የዱንጉዛን ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀጭን መስመር አድርጋ በጠርዙ ላይ አስኬደችው። የቀረውን ባዶ ተወችው። አሳየሽ ካርዱን በጣቷ ነካች፣ ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ እንደገና ነካችው። ስለ ባዶው ቦታ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ጽሕፈትሽ ያምራልና ስሞቹንም አንቺው ጻፊልኝ ብላ የመቶ ሰማንያ ሰው ዝርዝር በደብተር አመጣችላት። ሐመልማል ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብላ ጻፈች። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ጻፈች። ከዲምቱ የሚመጡትን አማቾች ጻፈች። ከዚያ የገበያው ሰዎች መጡ፦ ልብስ ሰፊው፣ ባለ ሻይ ቤቷ፣ የመናኸሪያው ዘበኛ ሳይቀር። ገጽ በገለጠች ቁጥር ዓይኗ ከእጇ ቀድሞ ወደ ታች ይወርዳል። ዝርዝሩ አለቀ። ምናልባት ከጀርባው ይኖራል ብላ ገለበጠችው፤ ባዶ ነው። ሁለት መቶ ካርድ ነበር የታተመው፤ ሃያው ተርፎ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብሏል። በራሷ እጅ ስሟን ጽፋ ራሷን ልትጋብዝ? ከዚያስ ሞት ይሻላል።

ካርዶቹን ስታስረክብ አንድ ነገር ትለኛለች ብላ ጠበቀች። አሳየሽ እጇን ጨበጥ አድርጋ ባረከቻትና «እንግዲህ ቅዳሜ ነው» አለች። ሐመልማል እግዚአብሔር ያስፈጽማችሁ ብላ መለሰች። ያን ሳምንት የጎረቤት ሱቅ አልተከፈተም፣ ግድግዳውም ዝም አለ። ቅዳሜ ጠዋት ቀሚሷን ተኩሳ ለበሰች፤ ሄዳም የሥራ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ላይ የሠርገኛው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ በበሯ አለፈ። ሆድ ባሳት፤ አለቀሰችም።

ሰኞ አሳየሽ ሱቋን ከፈተች። የምሳ ሰዓት አለፈ፤ ግድግዳው አልተንኳኳም። ማክሰኞ ሊመሽ ሲል ራሷ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን አድርጌሽ ነው የቀረሽው?»

«ስሜ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም» አለች ሐመልማል። ስትናገረው የትንሽ ልጅ ነገር መሰላት።

«የእህቶቼ ስም ነበር?»

ሐመልማል አሰበች። መቶ ሰማንያውን ሁሉ በእጇ ጽፋለች። የአሳየሽ እህቶች አንዳቸውም አልነበሩም።

«ካርድ የእንግዳ ነው፣ ሚቼ» አለች አሳየሽ፣ በወላይትኛ እህቴ ማለቷ ነው። «ለእህቱ ካርድ የሚሰጥ ማነው? ከትህትና አክስቶች ጋር ወንበር ያዝኩልሽ። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ፣ ባለቤት አለው፣ አሁን ይመጣል እያልኩ ስከለክል ዋልኩ። ወንበሩ ባዶዋን ዋለች።» ከዚያ አልቆየችም፤ ሱቋን ቆልፋ ሄደች።

ሐመልማል ካርቶኖቹን አውርዳ ካርዶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። አንቺማ ቀኑን ታውቂዋለሽ ያሏት ሰዎች ፊት እየመጣ ይሄድ ጀመር። ከመካከላቸው ለወግ ያህል ያሉት ይኖራሉ። ወንበር ይዘው የጠበቋትም ይኖራሉ። የትኛው የትኛው እንደነበር አሁን ማን ይነግራታል? ኩሩ ናት ብለው ትተዋት ይሆናል፤ እሷ ደግሞ ረስተውኛል ብላ ስንት ቅዳሜ ብቻዋን ውላለች። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። ተጠርቶ ያልሰማውን ምን እንደሚሉት እናቷ አልነገሯትም።

የትህትናን ካርድ ለብቻው አስቀረችና ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳች። ሱቁ እንደተቆለፈ እያወቀች ነው። ከዚያ በሯን ዘግታ ባጃጅ ያዘች። የአሳየሽን ቤት ከሩቅ ታውቀዋለች እንጂ ገብታበት አታውቅም።

የከፈተችላት የማታውቃት ሴት ናት፤ ከሁምቦ ለሠርጉ መጥታ ገና ያልተመለሰች ዘመድ መሆኗ ነው።

«ማን ልበል?» አለቻት።

«የትህትና አክስት ነኝ።»

ሴትዮዋ አክስቶቹን ሁሉ ታውቃለችና ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ወንበር ተይዞላት የቀረችው?»

«አዎ» አለች ሐመልማል። «እኔ ነኝ።»