ጫማው የማያልቀው ልዑል

ታላቅ ወንድሜን ከሚያነበው ተረት ያስቆጣው ዘንዶው አይደለም። ዘንዶ እሳት ቢተፋ፣ ተራራ ቢበር፣ የሞተች ጠንቋይ ወፍ ሆና ብትመለስ እሱ ምን ቸገረው፤ ደራሲው አለ ካለ አለ ነው። ያስቆጣው ጫማው ነው።

«አምስት ቅጽ ሙሉ!» ይላል መዶሻውን አስቀምጦ። «በረሃ አቋርጦ፣ በረዶ ወጥቶ፣ ረግረግ ውስጥ ዳክሮ፣ ይሄ ልዑል አንድ ቀን እንኳን ሶል አላስቀየረም! ሰው አይደለም እንዴ?»

ወንድሜ ጫማ ሠሪ ነው፤ ጫማ አዳሽ ብል ይሻላል፣ አዲስ የሚያሠራ ከጠፋ ቆይቷል። አንዱ ጫማ ብቻ የተቀደደበት ሰው ሁለቱንም ይዞለት ከመጣ፣ ሁለቱም ተወልውለው ይመለሱለታል። እኔ እዚያው ሱቅ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ የቦርሳ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሻንጣ እጀታ እሰፋለሁ፤ አፌም ከእጄ እኩል ይሠራል። ሱቃችን ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ የሚጠብቅባት ጠባብ ክፍል ናት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ወንድሜ ዝም ብሎብኝ ነበር። ለደንበኛ በራሱ ይነቀንቃል፣ ለእኔ በቅንድቡ ይመልሳል። ብቻዬን አውርቼ ብቻዬን ስስቅ መንገደኛው እብድ ናት እንዳይለኝ ሬዲዮ እከፍት ነበር።

ከዚያ ዶክተር መጣች። ዶክተር የምንላት ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ፋርማሲስት ነው፤ «እኔ ዶክተር አይደለሁም» ብላ ብላ ሲደክማት ተወችው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል የጫማዋ ታኮ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። አንድ ቀን ታኮዋ እስኪመታላት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታነበው የነበረውን ወፍራም መጽሐፍ ረስታ ሄደች። ባለ አሥር ቅጽ ተረት ነው፤ የረሳችው የመጀመሪያውን ነበር። ወንድሜ ሊያስቀምጥላት ሲያነሳው ሽፋኑ ተላቆ እጁ ላይ ቀረ። የተበላሸ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልምና በጫማ ማስቲሽ አጣበቀው። ሲደርቅ ይዞ እንደሆነ ልየው ብሎ ገለጠው፤ ገልጦም በዚያው ቀረ። ዶክተር ልትወስድ ስትመጣ፣ «ያ ሽማግሌ ከሃዲ ነው፣ እንዳያምኑት» አላት።

መቀሴ ከእጄ ወደቀ። ከአፉ ይህን ያህል ቃል ባንዴ ሲወጣ ከሰማሁ ዘመን አልፎኛል።

በዚያው ልማድ ሆነ። ዶክተር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ቀጣዩን ቅጽ ታመጣለች። መጽሐፎቹ ሲነኳቸው የሚፈርሱ ናቸውና ወንድሜ ቀድሞ አንብቦ፣ አጣብቆ ይሰጣታል። እሷ አንብባ ወደ ሱቃችን መደርደሪያ ስትመልሰው ቁጭ ብለው ያወራሉ። ያወራሉ ስል እሱ ያወራል፣ ደራሲውን ያብጠለጥላል፣ ስለ ሶል ይከራከራል፤ እሷ አገጯን በመዳፏ ይዛ ትስቃለች።

እስከ አራተኛው ቅጽ ድረስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነበር፤ እኔም ሳልወድ በግዴ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር። አምስተኛው ላይ ደራሲው ምን እንደነካው እንጃ፣ ልዑሉን በረሃ ላይ ለቆት ጠፋ። ቅጹ ሙሉ መራመድ ነው። ስድስተኛው ደግሞ የነገሥታት ዘር ቆጠራ። ወንድሜ ሲያነብ ያዛጋል፣ የቀረውን በጣቱ ይለካል፣ ይራገማል።

«ተወዋ!» አልኩት። «ማን አስገደደህ?»

«ከጀመርኩት በኋላ?»

«ስንቱን ጫማ ‹ይሄ አይጠገንም› ብለህ ትመልስ የለ? ይሄም አይጠገንም።»

«አንቺ ልጅ፣ ዚፕሽን ስፊ።»

ዓይኑ ግን ከመንገዱ ማዶ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉን ቢተወው ዶክተር በምን ሰበብ ትመጣለች? ታኮ እንደሆነ በየሳምንቱ አይሰበር። ቢጨርሰውም ያው ነው፤ አሥረኛው ሲያልቅ ወደ ቅንድብ ንግግራችን ልንመለስ ነው። አንጀቴን በላው። ለራሴም አዘንኩ፣ ሬዲዮው ተበላሽቷል።

ሰባተኛው ቅጽ የመጣው መሃሉ ላይ ለሁለት ተገምሶ ነው። ወንድሜ እንደ ምንም ታግሎ ጨረሰው። ሊያጣብቀው በተቀመጠበት ሰዓት ግን ዶክተር ፋርማሲው በር ላይ ቆማ ከአንድ መልከ መልካም መድኃኒት አከፋፋይ ጋር ትስቃለች፤ የእሱም ዓይን እዚያው ተተክሎ ቀረ። ማስቲሹን የቀባው እጁ ብቻ ነው። በማግስቱ ወሰደችው፣ በሳምንቱ መለሰችው።

«እንዴት አገኙት?» አላት።

«ግሩም ነው! በተለይ አጀማመሩ፣ ቀስ አድርጎ ነው የሚያስገባዎት» አለችና ደንበኛ መጥቶባት ሮጠች።

መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው ልመልሰው ስል ገለጥ አደረግኩት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የንጉሡ ቀብር አልቆ ሰዉ ወደየቤቱ ይበተናል። ወደ መሃል ሄድኩ፤ ንጉሡ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ወንድሜ ፊቱን ኋላ፣ ኋላውን ፊት አድርጎ ነው ያጣበቀው! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወዲያው ደግሞ ጠፋ፤ ይሄን መጽሐፍ የገለጠ ሰው አጀማመሩን ሊያደንቅ አይችልም።

ሆዴ ነገር አይችልም፤ ነገርኩት። መጽሐፉን ተቀብሎኝ ገለጠ፣ ዘጋ፣ እንደገና ገለጠ።

«አላነበበችውም» አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መልሱ እንደገና በቅንድቡ ሆነ። ምላሴን በገዛ መቀሴ ብቆርጣት በወደድኩ።

በማግስቱ ዶክተር ስምንተኛውን ቅጽ ታቅፋ እየሳቀች ገባች። ወንድሜ ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳይመልስ ሰባተኛውን ከፍቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት።

«እስቲ የመጀመሪያውን ገጽ ያንብቡት።»

አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ንጉሡ ሞቷል እንዴ?»

«መሃል ላይ ምሳ ይበላል። ገልብጬ ያጣበቅኩት እኔ ነኝ። ያነበበ ሰው ቢሆን በመጀመሪያው ቀን ይዞብኝ ይመጣ ነበር።»

ዶክተር በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የነጭ ጋዋኗን ቁልፍ ስትነካካ ቆየችና፣ «ከአራተኛው በኋላ አላነበብኩም» አለች። «አምስተኛውን ጀምሬ እዚያ በረሃ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ታዲያ ሦስት ቅጽ ሙሉ ምን ሊያደርጉት ይወስዱታል?»

«ልመልሰው።»

ወንድሜ አልገባውም። እኔ ገብቶኛል፣ ግን ለዛሬ እንኳ አፌን ያዝኩ።

«እርስዎ ሲናደዱ ለመስማት ነው የምመጣው» አለች። «እኔ ቤት የሚናደድ ሰው የለም። እኔም ቴሌቪዥኑም ጨዋ ነን።»

ወንድሜ መዶሻውን አነሳ፤ የሚመታው ጫማ ስላልነበረ መልሶ አስቀመጠው።

«እኔም እኮ አምስተኛው ላይ ነው የሰለቸኝ» አለ። «የዚያን ልዑል ስም ሳይ ጥርሴን ያመኛል።»

«ታዲያ ለምን አነበቡት?»

«እርስዎ እንዲመጡ።»

ደስ አለኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ የምሠራ መስዬ የሰው ዚፕ ከገዛ ቀሚሴ ጋር ሰፋሁት። ሁለቱም አላዩኝም። ስምንተኛው ቅጽ ባንኮኒው ላይ እንዳለ ነው፤ የነካው የለም።

«እንግዲህ ይሄን ከተውነው» አለ ወንድሜ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከአሁን ወዲያ በምን ልናደድ ነው?»

«አይስጉ» አለችው። «ሲቀርቡኝ እኔ ራሴ በጣም ነው የማናድደው።»