የከበደው ምሳ ዕቃ

ያን ቀን ጠዋት ብቅል አስጥቼ ዶሮ እከላከል ነበር። ወታደሮቹ በማኪና መጡና ብቅሌን በጫማቸው ረግጠውት ቆሙ። ትናንት በደጅሽ ያለፉትን ልጆች ውኃ አጠጥተሻል አሉኝ።

«አዎ፣ ጠምቷቸው ነበር» አልኩ።

«እነማን ናቸው?»

«የጠማው ሰው ማነህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?»

በዚች መልሴ አሰሩኝ። ውኃ ማጠጣት ወንጀል ሆነ። ይኸን ጻፊው ልጄ፣ ሳትቀንሺ ጻፊው።

ያስገቡኝ እዚያው ድብ ባሕር፣ እህል ይከማችበት የነበረ ቤት ነው። ቆርቆሮ በቆርቆሮ። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል፣ የእህሉ አቧራ ያስነጥሳል። ሴቶች ነን ያለነው። ጥጉ ላይ አንዲት የሳንጃ ልጅ ተቀምጣለች፤ ስሟን አትጻፊው። ወንድምሽ የት ገባ ብለው ከአውቶቡስ አውርደው ነው ያመጧት። የት እንዳለች ዘመድ አያውቅ፣ ስንቅ የሚያመጣላት የለ። ለእኔ እንኳ ጎረቤቴ በምሳ ዕቃ ቂጣና ሽሮ ታመጣልኛለች። እነሱ የተደበቀ ደብዳቤ እንፈልጋለን ብለው ቂጣውን ይበጣጥሱታል፣ ሽሮውን በእንጨት ያማስሉታል።

ጠባቂው «ለእሷ የሰጠች ስንቋ ይቀራል» አለን። ወንድሟ ያለበትን እስክትናገር ነው። እኛ ምሳ ስንበላ በላያችን ይቆማል፤ እሷን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጣታል። ሆዷ ሲጮኽ ይሰማናል። ሰው ሆኖ ይኸን ያዛል?

ወሩ ሁዳዴ ነበር። እኔም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ድርሻዬን በነጠላዬ ቋጠርኩ። የአሮጊት ጾም ማን ያስፈርሳል? እሱ ሲወጣ አጎርሳታለሁ።

«እማ፣ አንቺስ?» ትለኛለች።

«እኔ ጥርስ የለኝም፣ ዝም ብለሽ ዋጪ።»

ትንሽ ቆይቶ ምሳ ዕቃው ከብዶ ይመጣ ጀመር። ምነው ጎረቤቴ መጠኑ ጠፋት አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ጠባቂው ኮፍያውን ረስቶ ኖሮ ተመለሰና ሳጎርሳት ደረሰ።

«እማማ፣ ጾም ነኝ አላልሽም?»

«ፈታሁት» አልኩት። «በእሷ አፍ ፈታሁት።»

«ሁለተኛ እንዳላይ።»

«እንዳታይማ ፊትህን አዙር። እናትህ ስታጎርስህ ማን ቆሞባት ነበር?»

እሱ እያየ በእጄ የቀረውን አጎረስኳት፤ ቀስ ብዬ። በሩን ወርውሮብን ሄደ። ስንቄንም አላስቀረብኝም። ልጅቱ ወንድሟ ያለበትን ሳትናገር፣ በእግሯ ቆማ ወጣች።

ዛሬም ቂጣ ስቆርስ ያ ግድግዳ ይመጣብኛል፣ ያንገበግበኛል። ዱላ ቁስሉ ይታያል፤ የሰው ልጅ እህል እየሸተተው ማስራቡን ማን ይከሰዋል? ይቅርታ ያለኝ የለም። ብቅሌንም የተካልኝ የለም።

የተፈታሁ ዕለት ጎረቤቴ እግሬን ስታጥበኝ «ስንቁን ምነው እንዲያ አበዛሽው?» አልኳት።

«አንቺ ጥርስሽ ካለቀ ወዲህ ሩብ ቂጣ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ሲመለስ፣ እዚያ ውስጥ ሌላ የተራበ እንዳለ አወቅሁ።»