አትንኩ ያልኩት ግድግዳ

ሥራዬ ያረጀ ነገር እየዞሩ መመዝገብ ነው። የሞጣ ልጅ ብሆንም እንጀራ የወጣልኝ ቢቸና ነው፤ የቅርስ ባለሙያ ተብዬ ከተቀጠርኩ ወዲህ ፎርም በእጄ፣ ካሜራ በትከሻዬ ይዤ ያልረገጥኩት ደብር፣ ያልገባሁበት አሮጌ ቤት የለም። ፎርሙ ላይ «ለጎብኚ ያለው ሳቢነት» የሚል ሳጥን አለ። መጀመሪያ ሰሞን ሳጥኑን ሁሉ «እጅግ ከፍተኛ» እያልኩ እሞላው ነበር። የሀገሬን ነገር ዝቅ አድርጌ መጻፍ አይሆንልኝም።

እንግዳ ሲመጣ የሚጠይቀው ከሞጣ በታች ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ነው። እኔ የምወደው ግን ከቢቸና ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ የቆመውን ባለ ፎቅ ቤት ነው። ድሮ የአንድ ባላባት መኖሪያ ነበር፤ ግድግዳው ድንጋይ በጭቃ፣ ደረጃውና ሰገነቱ የወይራ እንጨት። ኋላ የእህል መጋዘን ሆነ። መጋዘኑም ሲዘጋ ቁልፉ የዘበኛው ባለቤት እጅ ላይ ቀረ። ሴትዮዋ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጫኑ፤ ሰው ሁሉ እማሆይ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ምድር ቤቱ ውስጥ አንዱ ጥግ ላይ አልጋቸውን ዘርግተው ይኖራሉ። ሌላ ቤት የላቸውም።

መጀመሪያ ያየኋቸው በግንቦት ነው። ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው፣ ከጤፍ ጭድ ጋር ሳምንት ሙሉ የቦካ ጭቃ በእጃቸው እያፈሱ ዝናብ የሚመታውን ግድግዳ ይመርጋሉ። ደነገጥኩ። በዚያው ሰሞን ሥልጠና ወስጄ ተመልሼ ነበር፤ ከሥልጠናው ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የቅርስ ይዘት መለወጥ የለበትም የሚለው ነው። እኚህ ሴትዮ ደግሞ ዓይኔ እያየ ቅርሴን ጭቃ በጭቃ ያደርጉታል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ማኅተም አስመታሁ፤ «ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል ነው» የሚል የቆርቆሮ ጽሑፍ በሩ አጠገብ አስተከልኩ።

እማሆይ ማንበብ ስለማይችሉ ደብዳቤውን ራሴ አነበብኩላቸው። ማኅተሙ የቱ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና የተረፈውን ጭቃ ሜዳ ላይ ደፉት።

በጥር ከአዲስ አበባ ጎብኚዎች መጡ። ሰገነቱ ላይ ፎቶ ተነሡ፤ እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ባለማወቃቸው ተገርመው ሄዱ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ከረምኩ።

ዓመቱ ዞሮ በግንቦት እማሆይ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ግድግዳው ስንጥቅ አውጥቷልና ልምረገው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከክልል ባለሙያ እየመጣ ነው አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ይላክልን ብዬ ጽፌያለሁ። በሰኔ ዳግመኛ መጡ። ያን ቀን ስለዚያው ቤት ሪፖርት እየጻፍኩ ስለነበር ቀና ብዬ በወጉ እንኳ አላየኋቸውም። ባለሙያው ሲመጣ አስጠራዎታለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ሦስት ቀን ሳያባራ በዘነበ ማግሥት፣ አንድ ጎረቤት ስልክ ደወለልኝ። ስደርስ ያ ግድግዳ ከሰገነቱ ግማሽ ጋር ተንዶ ሜዳው ላይ ተዘርግቷል። የእማሆይ አልጋ የነበረበት ጥግ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። እሳቸው ግን ከማዶ ግራሩ ሥር ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል። ለካ ግድግዳው ማበጥ ሲጀምር ሐምሌ ላይ አልጋቸውን ወደ ሌላው ጥግ አዙረውት ኖሯል። ለእኔ አልነገሩኝም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ ሁለቴ ነግረውኛል።

ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ እኔስ ማኅተሙን አይቼ ተውኩት» አሉ። «ዝናቡ ግን ማኅተም አያውቅም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የቆርቆሮውን ጽሑፍ የዚያኑ ቀን በእጄ ነቀልኩት። አለቃዬ ሲጠይቀኝ ነፋስ ጣለው አልኩ፤ ውሸቴን ነው። ዝናቡ እንዳቆመ የሰፈሩ ሰው ደቦ ወጥቶ ድንጋዩን መልሶ ካበው። ጭቃውን የረገጥኩት እኔ ነኝ። እማሆይ ከአጠገቤ ተቀምጠው ጭዱ አነሰ፣ ውሃው በዛ፣ ገና አልቦካም እያሉ ሲያዙኝ ሰነበቱ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ ስረግጥ ያየ መንገደኛ ሁሉ እየሳቀ ያልፋል። ይበለኝ አልኩ።

ምርጊቱ ላይ ስንደርስ ግን እማሆይ አልነካም አሉ። ደብዳቤውን ሽሬዋለሁ፣ ጽሑፉንም ነቅዬዋለሁ ብላቸው አልሰሙኝም።

«የከለከልከኝ አንተ ነህ። መጀመሪያ አንተ ንካው፤ ከዚያ እኔ እነካለሁ።»

አንድ እፍኝ ጭቃ አንሥቼ ግድግዳው ላይ መረግሁ። ያን ጊዜ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ በየግንቦቱ ይኸው ወግ ሆኖ ቀረ፤ የመጀመሪያዋን እፍኝ እኔ ካልመረግሁ እሳቸው ጣታቸውን አያነሡም። ሰፈርተኛው ይስቅብናል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ዘንድሮ በግንቦት ማለቂያ ደብረ ማርቆስ ለስብሰባ ተጠራሁ። ስብሰባው የቱሪስት መስህቦችን ስለመንከባከብ ነው። ሁለት ቀን የተባለው ሳምንት ሆነ። ስመለስ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ቦርሳዬን እንደያዝኩ በቀጥታ ወደ ጉብታው ወጣሁ። እማሆይ የጭቃው ጉድጓድ ዳር ተቀምጠው፣ እንዳይደርቅ በቅል ውሃ ያርከፈክፉበታል። ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሲያደርጉ ሰንብተዋል። ግድግዳው ላይ ጣቴን የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፤ አልጋቸውም ከጥጉ ተነሥቷል።

«እማሆይ፣ ምነው ጀምረውት ቢሆን?» አልኳቸው።

«ሳትመጣ?» አሉኝ።

ቦርሳዬን መሬት ጣልኩና ከነጫማዬ ጭቃው ውስጥ ገባሁ።